የሃይብሪድ መኪና የፍሬን ጎማ ቱቦ፦ ፔዳሉ ደህና ሆኖ ሳለ ቱቦው ማርጀቱ በምን ይታወቃል?

ሰማያዊ_ፕሪየስ (ጠያቂ)

እንደምን ሰነበታችሁ። የምነዳው እ.ኤ.አ. በ2008 የተመረተ፣ ሁለተኛው ትውልድ የሚባለውን ቶዮታ ፕሪየስ ነው። መኪናው ብዙ ዓመት ያገለገለ ቢሆንም የፊት የፍሬን ሸራዎቹ እስካሁን ከግማሽ በላይ ውፍረት አላቸው። በዚህም ምክንያት ፍሬኑን የሚያይልኝ መካኒክ ጎማ ፈትቶ ሸራውን ከተመለከተ በኋላ ሁልጊዜ «ፍሬንህ ገና አዲስ ነው» እያለ ይመልሰኛል። እኔም ይህን አምኜ ተቀምጬ ነበር።

በቅርቡ ግን ረዘም ካለ ጉዞ መልስ ቆሜ ሳለሁ የፊት ቀኝ ቸርኬ ከግራው ይልቅ እንደሚሞቅ በእጄ ተሰማኝ። ጎማውን ፈትቼ ወደ ካሊፐሩ (ሸራዎቹን ዲስኩ ላይ ወደሚጨምቀው ክፍል) የሚሄደውን ጥቁር ቱቦ ትንሽ ጎበጥ ሳደርገው፣ ከብረት መጋጠሚያው አጠገብ ፀጉር የሚያካክሉ ስንጥቆች አየሁ። ቱቦው ከመኪናው ጋር አብሮ የመጣው የመጀመሪያው ነው። የነዳጅ ፍጆታውም ቀስ በቀስ ጨምሯል፤ እኔ ግን ይህንን ከባትሪው እርጅና ጋር ሳያይዘው ቆይቻለሁ። ፔዳሉን ስረግጠው ምንም ለውጥ የለውም፤ አይሰምጥም፣ አይለሰልስም።

የማውቀው ሰው «ሃይብሪድ ፍሬን በተለመደው መንገድ አይነካም» ስላለኝ ራሴ ከመጀመሬ በፊት መጠየቅን መረጥኩ። ሙቀቱ የመጣው ከቱቦው ነው ወይስ ከካሊፐሩ? አንዱን ቱቦ ብቻ መቀየር ይበቃል? ከሁሉም በላይ ደግሞ፣ ፔዳሉ ይህን ያህል ደህና ሆኖ ሳለ ቱቦው ሊበላሽ ይችላል ወይ?

ቁልፍ_አስር

ከጥያቄዎችዎ ሁሉ የሚበልጠው የመጨረሻው ስለሆነ ከእርሱ ልጀምር። በእርስዎ መኪና ላይ የፔዳሉ ደህንነት ስለ ቱቦው ጤንነት የሚመሰክረው ነገር እጅግ ጥቂት ነው።

በተለመደው መኪና ላይ እግርዎ የሚገፋው ዘይት ከማስተሩ፣ ማለትም ከፔዳሉ ጋር ከተያያዘው ዋና የዘይት መግፊያ ወጥቶ በቀጥታ ካሊፐሩ ድረስ ይደርሳል። ስለዚህ ቱቦው ሲለጠጥ ወይም መስመሩ ውስጥ አየር ሲገባ ፔዳሉ ይለሰልሳል፣ እግርም ወዲያው ያውቃል። በፕሪየስ ግን መኪናው በሥራ ላይ እያለ በማስተሩና በጎማዎቹ መካከል ያለው መንገድ በቫልቭ ተዘግቶ ይቆያል። እግርዎ የሚገፋው ዘይት ስፕሪንግ ወዳለበት አንድ ትንሽ ክፍል ይገባና የለመዱትን የፔዳል ጥንካሬ አስመስሎ ይመልስልዎታል። ኮምፒውተሩ ምን ያህል እንደረገጡ በሴንሰር ያነብባል፤ ከሚፈለገው የማቆም ኃይል ውስጥ የኤሌክትሪክ ሞተሩ ጀነሬተር ሆኖ ሊሸከም የሚችለውን ለእርሱ ይተዋል፤ የቀረውን ፓምፑ አስቀድሞ ካጠራቀመው ግፊት ላይ ቀንሶ ወደ ካሊፐሮቹ ይልካል። የታዘዘው ግፊት መድረሱንም የሚያነብቡ ሴንሰሮች አሉ። እንግዲህ ቱቦው ቢያብጥ ኮምፒውተሩ ጥቂት ዘይት ጨምሮ ጉድለቱን ይሸፍናል እንጂ ለእግርዎ አይነግርም። እግር ያጣውን መረጃ ዓይንና እጅ መተካት ያለባቸው ለዚህ ነው።

መካኒክዎ ሸራውን አይቶ የሰጠው ፍርድ ስለ ሸራው እውነት ነው። ሸራ የሚያልቀው በመታሸት ሲሆን፣ በሃይብሪድ ላይ አብዛኛውን ለዘብ ያለ ማቆም ሞተሩ ስለሚሠራው ሸራው ዓመታት ይቆያል። የቱቦው ጎማ ግን የሚያረጀው በጊዜ ነው፤ ሙቀት፣ በአየር ውስጥ ያለው ኦዞን፣ መሪው በተዞረ ቁጥር የሚደርስበት መታጠፍ፣ ከመንገድ የሚረጭበት ጭቃና ውሃ አንድ ላይ ይበሉታል። በተለመደው መኪና ሸራ በተቀየረ ቁጥር ካሊፐሩ ይፈታል፣ በዚያው አጋጣሚም ቱቦው ይታያል። በሃይብሪድ ላይ ሸራው ስለማያልቅ ቱቦውን የሚያይ ሰው አይኖርም። እኔ በሥራዬ ያየኋቸው በጣም የተሰነጣጠቁ ቱቦዎች ሸራቸው ገና ወፍራም በሆነ መኪኖች ላይ የነበሩ መሆናቸው አይገርመኝም።

ስለ ስንጥቁ ደግሞ ይህን ይወቁ። ቱቦው አንድ ወጥ ጎማ አይደለም። ውስጡ ዘይቱ የሚነካው ቀጭን የጎማ ሽፋን ነው፤ በላዩ ላይ ግፊቱን የሚሸከመው የተጎነጎነ ክር አለ፤ ከዚያ በላይ ክሩን ከውሃና ከግጭት የሚጠብቀው የውጭ ጎማ ይመጣል። ቱቦው በጎበጠ ጊዜ ብቻ የሚታይ ጥቃቅን መስመር የውጭው ጎማ መድረቁን ይናገራል፤ ወዲያው ይፈነዳል ማለት አይደለም። ክሩ ከታየ፣ ጎማው ላይ እብጠት ካለ፣ ወይም መጋጠሚያው አካባቢ ከረጠበ ግን መኪናው መንቀሳቀስ የለበትም። የእርስዎ ዓይነት ስንጥቅ ብቻውን ቢሆን ኖሮ ቱቦውን በቅርብ ጊዜ ይቀይሩ እል ነበር። ከሙቀቱ ጋር ሲደመር ግን አሳሳቢው ነገር ውስጥ ነው። ውስጠኛው ሽፋን ሲያብጥ ወይም ሲላቀቅ በአንድ በኩል ብቻ እንደሚከፈት በር ይሆናል፤ ከፓምፑ የመጣው ከፍተኛ ግፊት ገፍቶ ያልፋል፣ ፔዳሉ ሲለቀቅ ግን ካሊፐሩን ወደ ኋላ የሚገፋው ኃይል እጅግ ትንሽ ስለሆነ ዘይቱ እዚያው ታስሮ ይቀራል። ሸራው ዲስኩን እንደያዘ ይጓዛል፣ ነዳጅዎም በሙቀት መልክ ይባክናል።

ሙቀቱ ከቱቦው ይሁን ከካሊፐሩ ለመለየት መጀመሪያ ሳይፈቱ ይለኩ። ጠንከር ያለ ፍሬን ሳይረግጡ ለዘብ ብለው ጥቂት ኪሎ ሜትሮች ይንዱና በርቀት የሚለካ ቴርሞሜትር በሁለቱም የፊት ዲስኮች ላይ ያነጣጥሩ። የሃይብሪድ ጥቅሙ እዚህ ላይ ነው፤ ለዘብ ባለ አነዳድ ዲስኮቹ ብዙም ስለማይሠሩ ቀዝቀዝ ብለው መገኘት አለባቸው፤ ስለዚህ አንዱ ከሌላው በግልጽ ከሞቀ ጥርጣሬው ጠንካራ ነው።

ብዙ ሰው የሚሳሳትበት አንድ ነገር ልጨምር። «ጎማውን አንስተህ በእጅህ አሽከርክረው፤ ከከበደህ ፍሬኑ ይዟል» የሚለው የቆየ ምክር በእርስዎ መኪና የፊት ጎማ ላይ ያሳስታል። መኪናው ሲጠፋ ማርሹ በፒ ላይ ይቆለፋል። አንዱን የፊት ጎማ ብቻ ቢያነሱ ሌላው መሬት ይዞታልና አይዞርም። ሁለቱንም ቢያነሱ ደግሞ የቀኙን ሲያዞሩ የግራው በተቃራኒው ስለሚዞር የትኛው እንደከበደ አይለይም። ስለዚህ የጎማውን መዞር ትተው የካሊፐሩን መላላት ይመልከቱ። ጎማው ወጥቶ ሸራው በጭራሽ የማይነቃነቅ ሆኖ ካገኙት በካሊፐሩ ላይ ያለችውን የአየር ማስወጫ ብሎን ጥቂት ይፍቱ። ዘይት በግፊት ተረጭቶ ሸራው ወዲያው ከላላ የታሰረ ግፊት ነበረ ማለት ነው። ዘይቱ በዝግታ ከተንጠባጠበና ሸራው እንደተጣበቀ ከቀረ ግን ቱቦው ንጹሕ ሊሆን ይችላል፤ የካሊፐሩ ፒስተን ወይም የሚንሸራተትባቸው ፒኖች ዝገዋል። በነገራችን ላይ ይህ ሁለተኛው ችግር በሃይብሪድ ላይ ብርቅ አይደለም፤ እምብዛም የማይንቀሳቀስ ካሊፐር ይተኛል።

ግፊት ታስሮ ከተገኘ መንስኤው ቱቦው ራሱ ይሁን ከእርሱ በላይ ያለው ክፍል ለማወቅ በሌላ ጊዜ ሙከራውን ይደግሙና ከካሊፐሩ ብሎን ይልቅ የቱቦውን የላይኛውን ጫፍ፣ ማለትም ከብረቱ መስመር ጋር የሚገናኝበትን ዳዶ ያላሉ። እዚያ ተላልቶ ሸራው ካልተለቀቀ መንገዱን የዘጋው ቱቦው ራሱ ነው። ከተለቀቀ ግን ምክንያቱ ወደ ላይ፣ ወደ ቫልቮቹ አካባቢ ስለሆነ ሥራው ሌላ ነው።

አንዳቸውንም ብሎን ከመንካትዎ በፊት ግን ፓምፑ እንዳይነሣ ማድረግ ግዴታ ነው። ይህን ከእኔ የበለጠ በራሱ ላይ ደርሶበት የሚያውቅ ሰው እዚህ አለና ለእርሱ ልተውለት።

የቸርኬ_ጥላ

ቁልፍ_አስር የጠቆመው ሰው እኔ ነኝ። አሳፋሪ ቢሆንም ልናገረው። ከዓመታት በፊት በተመሳሳይ መኪና ላይ የፊት ሸራ ልቀይር ካሊፐሩን አውርጄ በሽቦ አንጠልጥዬው ነበር። መኪናው ጠፍቷል፣ ቁልፉ ኪሴ ውስጥ ነው፣ ምንም የሚያሰጋ ነገር አልታየኝም። ወንበሩ ላይ የተውኩትን ጨርቅ ለማንሣት የሹፌሩን በር ስከፍት ከኮፈኑ ስር «ዝዝዝ» የሚል ድምፅ ሰማሁ፤ ስጎነበስ ደግሞ ጉልበቴ ፔዳሉን ነካ አደረገው። በቂ ነበር። ፒስተኑ ከካሊፐሩ ሙሉ በሙሉ ወጥቶ ወደቀ፣ ዘይቱ እስከ መከላከያው ድረስ ተረጨ። በዚያች ቅጽበት ጣቴ በሸራና በፒስተን መካከል ቢሆን ኖሮ ዛሬ ይህንን በሌላኛው እጄ ነበር የምጽፈው።

ምክንያቱ ይህ ነው፦ የፍሬኑ ኮምፒውተር መኪናው ጠፍቶም ቢሆን የሹፌሩ በር ሲከፈት ወይም ፔዳሉ ሲረገጥ ይነቃል፣ ፓምፑንም አስነሥቶ የግፊት ማጠራቀሚያውን ይሞላል። በማጠራቀሚያው ውስጥ ያለው ግፊት ደግሞ ከ100 ባር በላይ ነው። በተለመደው መኪና ላይ ካሊፐሩን የሚገፋው የእግር ጉልበት ብቻ ነው፤ እዚህ ግን ፔዳሉን በቀላሉ መንካት የተጠራቀመውን ኃይል ይለቅቃል።

ስለዚህ የምከተለው ሥርዓት የሚከተለው ነው። መኪናው ደልዳላ ቦታ ላይ ይቆማል፣ የእጅ ፍሬን ተግባር ያለው በእግር የሚረገጠው ፍሬን ይያዛል፣ የኋላ ጎማዎቹ በጠንካራ ነገር ይታገዳሉ። መኪናውን አጥፍቼ እወጣለሁ፣ በሮቹን እዘጋለሁ፣ ቁልፉን መኪናው ሊያነብበው ከማይችልበት ርቀት አስቀምጣለሁ፤ ቢያንስ ሁለት ደቂቃ ፔዳሉንም በሩንም ሳልነካ እጠብቃለሁ። ከዚያ የ12 ቮልቱን ባትሪ ኔጌቲቭ ገመድ እፈታለሁ፤ በእርስዎ መኪና ላይ ይህ ባትሪ ከኋላ የዕቃ መጫኛው በቀኝ በኩል ነው። የኋላው በር በኤሌክትሪክ ስለሚከፈት ገመዱን ከፈቱ በኋላ እንዳይዘጉት ይጠንቀቁ፤ እኔ አንድ ጊዜ ዘግቼው ወንበር እየዘለልኩ ከውስጥ ለመክፈት ተገድጃለሁ። በመጨረሻም የፓምፑን ሞተር የሚያስነሡትን ሁለት ሪሌዎች (በኤሌክትሪክ የሚሠሩ ማብሪያ ማጥፊያዎች) ነቅዬ ኪሴ ውስጥ አደርጋቸዋለሁ። ባትሪው ተፈትቶ ሪሌ መንቀል ለምን ያስፈልጋል የሚል ይኖራል። መልሱ በኋላ አየር ለማስወጣት ባትሪው ሲመለስ ፓምፑ እንዳይቀድምዎት ነው።

የቶዮታን ሥርዓት የሚያነብብ የምርመራ ኮምፒውተር ካለዎት ሪሌ ከመንቀል ይልቅ የፍሬኑን ቁጥጥር በእርሱ ማገድ የበለጠ ንጹሕ መንገድ ነው። የሪሌዎቹ ቦታ እንደ ሞዴሉ ስለሚለያይ የመኪናውን የጥገና መጽሐፍ ሳያዩ በግምት አይንቀሉ። ብርቱካንማ ቀለም ያላቸው የከፍተኛ ቮልቴጅ ኬብሎች በዚህ ሥራ ላይ መንገድዎን አያቋርጡም፤ ካዩዋቸውም አይንኳቸው።

ሰማያዊ_ፕሪየስ (ጠያቂ)

ሁለታችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። የቸርኬ_ጥላን ጽሑፍ ባላነብ ኖሮ በሩን ክፍት አድርጌ እሠራ ነበር።

የተባለውን አደረግሁ። ለዘብ ብዬ ነድቼ ስለካው የቀኙ ዲስክ 92 ዲግሪ ሴንቲግሬድ፣ የግራው 41 አሳየ። ፓምፑን ካገድሁ በኋላ ቀኙን ስመለከተው ሸራው ዲስኩ ላይ ተጣብቆ ነበር፤ የአየር ማስወጫዋን ብሎን ሩብ ዙር ያህል ስፈታት ዘይቱ ተፈናጥሮ ወጣ፣ ሸራውም ላላ። በማግሥቱ ጥቂት ነድቼ ሙከራውን ስደግመውና የላይኛውን ዳዶ ሳላላው ሸራው እንደታሰረ ቀረ። ስለዚህ ጥፋተኛው ቱቦው ነው ማለት ነው። አሁን የቀረኝ መቀየሩ ነው። አንዱን ብቻ ወይስ ሁለቱን? ቱቦውን ስገዛስ ምን ላይ ልመልከት?

ቁልፍ_አስር

ምርመራውን በሚገባ ሠርተዋል። በአንድ አክስል ላይ ያሉት ቱቦዎች እኩል ዕድሜ፣ እኩል ሙቀት ያዩ ናቸው፤ ስለዚህ የፊቶቹን ሁለቱንም ይቀይሩ። አንዱ አዲስ ሌላው አሮጌ ሲሆን በሁለቱ ጎማዎች የግፊት አያያዝ ላይ ልዩነት ሊፈጠር ይችላል። የኋላዎቹንም ቢሆን እኔ በዚህ ዕድሜ አልተዋቸውም፤ በእያንዳንዱ ጉድጓድ ላይ ከአክስሉ ጋር የሚታጠፉት እነርሱ ናቸው። የኋላው ሲፈታ ግን አየር የማስወጣቱ ሥራ ያለ ምርመራ ኮምፒውተር እንደማይሆን አስቀድመው ይወቁ፤ የኋላ ጎማዎች ግፊት የሚያገኙት ከፓምፑ ነውና።

ሲገዙ በቱቦው ላይ የታተመውን ያንብቡ። የአሜሪካው የተሽከርካሪ ደህንነት ደንብ ቁጥር 106 የሚከተሉ አምራቾች የተመረተበትን ወርና ዓመት፣ የውስጡን ስፋትና ኤችአር ወይም ኤችኤል የሚል ምልክት ያትማሉ፤ ኤችኤል ግፊት ሲያገኝ የሚለጠጠው ከኤችአር ያነሰ ነው። ይኸው ደንብ ቱቦው በ4,000 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ) ግፊት ለሁለት ደቂቃ እንዲጸና ያስገድዳል፤ በብዙ መኪኖች ላይ የምናገኘው 3.2 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ደግሞ ከ7,000 ፒኤስአይ በታች መፈንዳት የለበትም። ይህን ያነሣሁት ምልክት የሌለው ቱቦ በርካሽ ሲቀርብልዎ እንዳይወስዱት ነው። መደርደሪያ ላይ ለረጅም ዓመታት የተቀመጠ «አዲስ» ቱቦንም አይውሰዱ፤ የታተመው ቀን የሚጠቅመው ለዚህ ነው። ቱቦው ላይ በርዝመቱ የተዘረጋው መስመር ለጌጥ የተሠራ አይደለም፤ ገጥመው ሲጨርሱ መስመሩ ከተጠማዘዘ ቱቦው ተጣሟል ማለት ነው።

ወደ ሥራው ስንመጣ፣ መኪናውን በክሪክ አንሥተው በጠንካራ መደገፊያ ላይ ያስቀምጡ፤ በክሪክ ብቻ በተንጠለጠለ መኪና ስር እጅ አይገባም። መጋጠሚያዎቹን በብሩሽ አጽድተው የዝገት ማላቀቂያ ይርጩና ጊዜ ይስጡት፤ ከተቻለ ሌሊቱን ይደር። የላይኛውን ዳዶ በተራ ክፍት ቁልፍ መፍታት የብዙ ሰው ስህተት ነው፤ ዳዶው ለስላሳ ስለሆነ ጠርዙ ይሸረሸርና የብረት መስመሩን ራሱን ወደ መቀየር ያደርስዎታል። ለቱቦ ዳዶ የተሠራው፣ ቱቦው እንዲያልፍ ብቻ በአንድ ጎን የተከፈተውና ዳዶውን በቀሩት ጎኖች ሁሉ የሚያቅፈው ቁልፍ 10 ያስፈልግዎታል። ዳዶው ከብረቱ መስመር ጋር አብሮ መዞር ከጀመረ ወዲያው ያቁሙ፤ መስመሩ ከተጠማዘዘ ይሰነጠቃል።

ዳዶው ሲፈታ የብረቱን ጫፍ ወዲያው በንጹሕ የጎማ ክዳን ይድፈኑ። በዚህ መኪና ላይ ከሁሉ የከፋው ስህተት የዘይት ማጠራቀሚያው ባዶ እስኪሆን መፍሰሱ ነው። አየር ወደ ፓምፑና ወደ ቫልቮቹ ከገባ በእግር ረግጦ ማስወጣት ስለማይቻል ሥራው ከእጅዎ ወጥቶ ወደ ምርመራ ኮምፒውተር ይሄዳል። በየጥቂት ደቂቃው መጠኑን የሚመለከት አንድ ሰው አጠገብዎ ይኑር። የሚጨምሩት በክዳኑ ላይ የተጻፈውን ዓይነት ነው፤ በእርስዎ መኪና ዶት 3 ሲሆን፣ ካልተከፈተ ዕቃ መሆን አለበት። ይህ ዘይት ከአየር ላይ እርጥበት ይስባል፦ ደረቅ ሆኖ ቢያንስ 205 ዲግሪ ድረስ የማይፈላው፣ 3.7 ከመቶ ውሃ ከያዘ በኋላ የሚፈላበት ዝቅተኛ መጠን ወደ 140 ይወርዳል። የሞተር ዘይት ወይም ሌላ የማዕድን ዘይት ጠብታ እንኳ እንዳይቀላቀል፤ የቱቦውንና የማኅተሞቹን ጎማ ያሳብጣል። ቀለም ላይ ከፈሰሰም በውሃ ወዲያው ይታጠብ፣ ቀለም ይልጣልና።

አዲሱን ሲገጥሙ የካሊፐሩን ወገን ያስቀድሙ። ቱቦውን ከካሊፐሩ ጋር የሚያስረው መሃሉ የተቦረቦረ ብሎን የድሮ ሮንዴላዎቹን ዳግም አይጠቀምም፤ አዲስ ያድርጉ። በቱቦው ጫፍ ላይ ያለችው ማረፊያ ጥርስ ቀዳዳዋ ውስጥ በትክክል ትቀመጥ። ከዚያ በሾኩ ላይ ያለውን መያዣ፣ በመጨረሻ የላይኛውን ዳዶ፤ ይህንንም በመጀመሪያ በጣት ብቻ ያስገቡት። የማጥበቂያውን ልክ ከጥገና መጽሐፉ ይውሰዱ፤ በብዙ መኪኖች ላይኛው ዳዶ 15 ኒውተን ሜትር፣ የካሊፐሩ ብሎን 30 አካባቢ ነው። የጎማዎቹ ዳዶ በፕሪየስ 103 ነው። የሚጸናው በልኩ ሲጠብቅ ነው፤ «ለማንኛውም» ተብሎ የተጨመረ ጉልበት ክሩን ይበላል። እስኪጨርሱ ድረስ ካሊፐሩ በቱቦው ላይ እንዳይንጠለጠል።

በዚህ ትውልድ ላይ ኤሌክትሪኩ ሲጠፋ ከማስተሩ ወደ ፊት ካሊፐሮች ያለው መንገድ ተከፍቶ ስለሚቀር፣ የዘይት ማጠራቀሚያው ካልጎደለ የፊቶቹን አየር አንድ ረዳት ፔዳሉን እየረገጠና እየያዘ ማስወጣት ይቻላል፤ ሪሌዎቹ ግን ተነቅለው ይቆያሉ። የጥገና መጽሐፉ የሚያዝዘው በምርመራ ኮምፒውተር መሥራትን ነው፤ ልታገኙት ከቻላችሁ እኔም የምመርጠው ያንን ነው። ረዳቱ ፔዳሉን የሚለቅቀው እርስዎ ብሎኗን ከዘጉ በኋላ ብቻ ነው። ይህን ቅደም ተከተል በድምፅ ተነጋገሩ፤ «ርገጥ»፣ «ያዝ»፣ «ልቀቅ»።

አሮጌ_ኢንሳይት

በዚህ ውይይት ላይ አንድ ነገር ላክል። «ሃይብሪድ ሁሉ እንዲህ ነው» ተብሎ እንዳይወሰድ። እኔ የምነዳው የመጀመሪያው ትውልድ ሆንዳ ኢንሳይት ፍሬኑ በሞተሩ የአየር መሳብ ኃይል የሚታገዝ፣ ፔዳሉም ከጎማዎቹ ጋር በዘይት በቀጥታ የተገናኘ ነው፤ የኤሌክትሪክ ሞተሩ እርዳታ በላዩ ላይ ተጨምሮ የሚመጣ ነው። ስለዚህ በእኔ መኪና የላላ ቱቦ በፔዳሉ ይታወቃል፣ አየር ማስወጣቱም እንደ ማንኛውም መኪና ነው። መኪናችሁ የትኛው ዓይነት እንደሆነ ሳታውቁ የሌላውን መመሪያ አትከተሉ።

ደግሞም ልጠይቅ፦ ዘይቱ እንዳይፈስ ቱቦውን በፒንሳ ጨብጦ መያዝ ይቻላል? አሮጌ መካኒኮች ሁሉ ሲያደርጉት አይቻለሁ። በብረት ሽቦ የተሸፈኑት ቱቦዎችስ ይሻላሉ?

ቁልፍ_አስር

ኢንሳይትን ማንሣትዎ ተገቢ ነው፤ እኔ ከፕሪየስ ውጪ ሳልወጣ ቀረሁ።

ስለ ፒንሳው፣ ሊጣል በተወሰነ ቱቦ ላይ ከሆነ ግድ የለም። ተመልሶ በሚሠራበት ቱቦ ላይ ግን አይደረግም። ውጫዊው ጎማ ተመልሶ ይቀናል፤ ውስጠኛው ሽፋን ግን በተጨመቀበት ቦታ ይሰበራል፣ እኛም ዛሬ የምንነጋገርበትን የአንድ አቅጣጫ በር በገዛ እጃችን እንሠራዋለን። በሽቦ የተሸፈነው የሚለጠጠው አነስተኛ በመሆኑ ፔዳሉን ያጠነክራል። ፔዳሉ ከጎማው ጋር ባልተገናኘበት ፕሪየስ ላይ ይህ ጥቅም ለእግር አይደርስም፤ በዚያ ላይ ሽቦው የሚሸፍነውን ስንጥቅ ዓይን ማየት አይችልም። ለእርስዎ ኢንሳይት ልዩነቱ ሊሰማዎት ይችላል።

የቸርኬ_ጥላ

ለሙከራው የሚሆን አንድ ነገር። ሪሌዎቹን መልሰው መኪናውን ሲያስነሡ ፓምፑ ከወትሮው ረዘም ላለ ጊዜ ሲያንዣብብ ቢሰሙ አይደንግጡ፤ የግፊት ማጠራቀሚያውን እየሞላ ነው። የማስጠንቀቂያ መብራት ከበራ የተመዘገበው ስህተት መነበብና መሰረዝ አለበት። ከዚያ ፔዳሉን አንድ ደቂቃ ያህል በኃይል ይዘው ረዳቱ መጋጠሚያዎቹን ሁሉ በደረቅ ወረቀት ይዳስስ። መሪውን ከጫፍ እስከ ጫፍ አዙረው ቱቦው ጎማውንም ሾኩንም እንደማይነካ ይመልከቱ፤ ይህንኑ መኪናው መሬት ላይ ካረፈ በኋላ ይድገሙት፣ ሾኩ ሲታመቅ የቱቦው መንገድ ይለወጣልና። በመጨረሻ መኪና በሌለበት ሜዳ ላይ በዝግታ እየሄዱ ማርሹን ለአጭር ጊዜ ወደ ኤን (ፍሪ) አድርገው ፍሬን ይርገጡ። በኤን ላይ የኤሌክትሪክ ሞተሩ ስለማያግዝ የሚያቆምዎት ሸራው ብቻ ነው፤ መኪናው ወደ አንድ ጎን ቢስብ በግልጽ ይታወቃል።

ሰማያዊ_ፕሪየስ (ጠያቂ)

ሥራው ተጠናቀቀ። የፊቶቹን ሁለቱንም ቀየርሁ፤ አየሩን ያስወጣነው የምርመራ ኮምፒውተር ባለው መካኒክ ነው። የቀኙ የላይኛ ዳዶ አልፈታ ብሎ ሁለት ሌሊት ማላቀቂያ ሲጠጣ አደረ፤ ተራውን ቁልፍ አንሥቼ ከመታገል ያዳነኝ የእናንተ ማስጠንቀቂያ ነው። ለዘብ ብዬ ነድቼ ስለካ ቀኙ 38፣ ግራው 40 ዲግሪ ሆኑ።

የወጡትን ሁለቱን ቱቦዎች በቢላ በርዝመታቸው ሰነጠቅኋቸው። የግራው ውስጡ ለስላሳና ክፍት ነው። የቀኙ ግን እኔ ስንጥቅ ባየሁበት በጫፉ አካባቢ ምንም አልሆነም፤ የተዘጋው ከመካከል፣ ሾኩ ላይ የሚያስረው የብረት መያዣ ባቀፈው ቦታ ነው። ብረቱ ከውስጥ በኩል ዝጎ፣ ዝገቱም ቦታ እየፈለገ ጎማውን ጨምቆት፣ ቀዳዳው የመርፌ ቀዳዳ ያህል ቀርቶታል። ከውጭ ሲታይ መያዣው ላይ ትንሽ ቡናማ ነገር ብቻ ነበር፤ አይቼው ጭቃ መስሎኝ አልፌዋለሁ። የኋላዎቹን በሚቀጥለው ሳምንት ከዚያው መካኒክ ጋር ለመቀየር ተቀጣጥረናል፤ እስከዚያው መያዣዎቻቸውን በብሩሽ ጠርጌ ስመለከታቸው የግራው ኋላ ተመሳሳይ ቡናማ ጠርዝ አለው።